መዶሻ ያልሰበረው መስታወት

መስታወቱን ወደ ክፍላችን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረው፤ በኋላ ጣቴ ወደ ሌላ ሰው እንዳይጠቁም።

በኮሮናው ዓመት፣ መስጊዱ ሁሉ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ ዱባይ አጠገብ፣ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ አራት የወሎ ልጆች በሠራተኞች ካምፕ አንድ ክፍል እንኖር ነበር። ጁማ ማንም ሳይሾመው የክፍሉ ሹም ነው። አብዱራዛቅ ቀልደኛው ነው። ጋሽ ሱሌይማን ሃምሳን ያለፉ፣ ለእኔ ቪዛውንም ሥራውንም ያፈላለጉልኝ፣ ከአባቴ ቀጥሎ የምፈራቸው ሰው ናቸው። እሳቸው በድርጅታችን ጓሮ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን ሴራሚክ ይቆርጣሉ፤ እኔ መስታወት ወደ እቶን አስገባለሁ።

ስለ መስታወት ከጀመርኩ ማቆም አልችልም። አብዱራዛቅ «ሙኒር አግብቷል፤ ሚስቱ ግን ወዲያ ማዶውን ታሳያለች» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ተራውን መስታወት ከስድስት መቶ ዲግሪ በላይ እናግለውና ድንገት ቀዝቃዛ አየር እንነፋበታለን። ቆዳው ቀድሞ ይጠጥራል፤ ሆዱ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ልሰብሰብ እያለ ቆዳውን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ያ ጉተታ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም፤ ጥንካሬውም ከዚያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ስማር ፊዚክስ እንዲህ በእጅ የሚዳሰስ ነገር መሆኑን የነገረኝ የለም። በምሳ ሰዓት ሌላው ስልኩን ሲያይ እኔ የመስታወቱን ጠርዝ አያለሁ። በጎኑ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ጥልቅ ውሃ ይመስላል።

ግንቦት ላይ የጋሽ ሱሌይማን ሳል ባሰ። ደረቅ ሳል ነው፤ ሲነሳባቸው የአልጋውን ብረት ይዘው ነው የሚያሳልፉት።

«ጋሽ ሱሌይማን፣ አይቀየሙኝ» አለ ጁማ። «ሁላችንም ከምናልቅ፣ አልጋዎን ሰገነት ላይ እናውጣልዎ።»

«በዚህ ሐሩር? እዚያ ሰው ይጠበሳል እንጂ ይድናል?» አለ አብዱራዛቅ።

«እንግዲያው ለካምፑ ኃላፊ እናገራለሁ።»

ከጎናችን ክፍል አንድ ሰው አሳለ ተብሎ በአውቶቡስ ተወስዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም።

«አብሽሩ፣ ጉንፋን ናት፤ ትሄዳለች» አሉ ጋሽ ሱሌይማን። ሳሉ ግን አላስጨረሳቸውም።

«ግድግዳ ባመጣስ?» አልኩ።

በማግስቱ ከድርጅቱ አስፈቅጄ፣ ጭረት ስላለበት የተጣለ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ መስታወት ከአብዱራዛቅ ጋር ተሸክመን አመጣን። በሁለቱ አልጋዎች ብረት መካከል አቁመን በጨርቅ አሰርነው፤ ከሥሩ ጎማ አነጠፍንለት። ከዚያ መዶሻ አንስቼ መሃሉን መታሁት። ጓ! አለ፤ ምንም አልሆነም።

ጁማ በጣቱ ዳሰሰው። «ወላሂ፣ ይሄንንስ ኮሮናም አያልፈው። በሉ እሺ፤ መስታወቱ እስከቆመ ድረስ እሳቸውም ይቆያሉ። የወደቀ ቀን ኸላስ፣ እናገራለሁ።»

አሥራ አንድ ቀን ቆመ። ጋሽ ሱሌይማን ከወዲያ ሆነው ቁርአን ይቀራሉ፤ ቃሪያ ስንሰነጥቅ «ፍሬዋን አውጧት!» ብለው በምልክት ያዙናል። እኔም ማታ ማታ በመስታወቱ ውስጥ እያየኋቸው አንድ ነገር እንደሠራሁ ይሰማኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛው ቀን ዓርብ፣ ጁምዓ ነበር። መስጊድ ስለሌለ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ክፍላችን ውስጥ በጀመዓ አብረን እንሰግዳለን፤ ለዚያ ብለን ጁምዓ በመጣ ቁጥር ወለሉን በውሃና በሳሙና እናጥባለን። በዚያ ቀን ጁማ «ከመስታወቱ ሥር ቆሻሻ አለ፤ እንዲህ ባለ ወለል ላይ ሶላት አይሆንም» አለ። እውነቱን ነው። ጨርቁን ፈታን፤ እኔና አብዱራዛቅ መስታወቱን አነሳን፤ ጁማ አጠበ። ጎማውን ደግሞ ሳሙና ስለነካው መስኮት ላይ አሰጣው።

«ጎማው ሳይደርቅ መስታወቱን አታስቀምጡት» አለን።

እጄ ደክሟል። ሶላት ደርሷል። «ተወው ባክህ! መዶሻ ያልሰበረውን ወለል ይሰብረዋል?» አልኩ።

የታችኛው ጥግ የወለሉን ሴራሚክ ነካ። ነካ ብቻ ነው።

እንደ ጥይት ጮኸ። በእጄ ላይ የነበረው ክብደት ጠፋ። መስታወቱ አልወደቀም፤ አልተሰነጠቀም፤ በቃ የለም። ክፍሉ ሙሉ የበረዶ ፍሬ የሚመስል ስብርባሪ ዘነበ። እጆቼ መስታወት እንደያዙ ተዘርግተው ቀሩ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። መዶሻው የመታው መሃሉን ነበር፤ ደካማው ጠርዙ ነው። ሴራሚክ ደግሞ ከመስታወት ይጠጥራል፤ ጥጉን ሲቧጭረው ያ የታሰረው ጉተታ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ጋሽ ሱሌይማን አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጢማቸው ውስጥ፣ ጭናቸው ላይ፣ በተከፈተው መዳፋቸው ላይ ፍርፋሪ ያበራል። አይንቀሳቀሱም። መስታወቱ የነበረበት መስመር ላይ ሦስታችንም ቆምን። ምንም የሚከለክለን ነገር የለም፤ ግን አንድ እርምጃ አልሄድንም። ይህን አልረሳውም።

«ሙኒር» አሉ በመጨረሻ፣ «ሚስትህ ፈታችህ።»

ያን ጊዜ ባዶ እግሬን ወደ እሳቸው ሮጥኩ።

ከግንባራቸው ትንሽ ደም ነበር፤ ሌላ ጉዳት የለም። ድምፁን የሰማው የካምፑ ዘበኛ ግን በሩን ከፍቶ ገባ፤ ሳላቸውንም ሰማ። ጁማ መናገር አላስፈለገውም። አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። «ኮሮና የለብህም አሉኝ!» አሉ ጋሽ ሱሌይማን። ጁማ ዘሎ ስልኩን ቀማኝ፤ «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፤ በአላህ፣ አልጋዎን እኔ ራሴ ነው የማነጥፈው!» እያለ ያለቅሳል። አብዱራዛቅ ያጨበጭባል።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉ። «ደረቴን ፎቶ አንስተውኛል። አንዱ ሱዳናዊ ሐኪም ‹ሹግልህ ምንድን ነው?› አለኝ። ሴራሚክ እቆርጣለሁ አልኩት። ‹በውሃ ነው በደረቁ?› አለኝ። በደረቁ፤ አሥራ ስድስት ዓመት፣ አልኩት። ፎቶውን እንደገና አየ። ብናኙ ሳንባህ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከገባ አይወጣም፤ መድኃኒትም የለውም አለኝ። ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሽሩ።»

ፎቶውን ላኩልን። ሁለቱም ሳንባ ላይ ነጭ ነጭ ፍርፋሪ ተበትኗል። ከወለሉ የጠረግነውን ነበር የመሰለኝ።

ጁማ ቃሉን ሊጠብቅ ተነስቶ አልጋቸውን ማንጠፍ ጀመረ። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የሥራ ልብሳቸውን አውርዶ፣ ሁላችንም ሁልጊዜ እንደምናደርገው፣ አንድ ጊዜ በእጁ መታ አደረገው።

ነጩ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ብድግ አለ። ሦስታችንም ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸን።