ከአውድማ በፊት

ውሸት እወዳለሁ። ኋላ ተታለልን እንዳትሉ ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ይበጃል። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርትና እኔ ተመራርቀን ከተለያየን ወዲህ በጎባና በሮቤ መካከል ጋሪ እነዳለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ተሳፋሪው ይሰለቻል፣ ወሬ ደግሞ እንደ ፈረስ ገብስ አይበላም። ስለዚህ የሳነቴ ተራራ ብርድ የሰውን ጥላ መሬት ላይ እንደሚያጣብቅ፣ ባለጥላውም ሙቅ ውሃ እስኪመጣለት ቆሞ እንደሚውል ስንቱን አሳምኛለሁ። ሐረና ደን ውስጥ ጦጣ በልጅነቷ ዛፍ መውጣት ጀምራ ጫፉ ላይ አርጅታ እንደምትደርስም እንዲሁ። ሳነቴንም ሐረናንም በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ለውሸት ማየት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያስቸግራል።

ከአድማጮቼ ሁሉ የምሳሳላቸው ጎረቤቴ እማማ ወለተኢየሱስ ነበሩ፤ የልብስ ሰፊው የደምመላሽ እናት። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ደጃፍ ላይ ይቀመጡና ጋሪዬ ስትቆም ይጣራሉ።

«መጣህ አንተ ቀጣፊ? ዛሬ ጦጣዋ የት ደረሰች?»

«ወገቡ ላይ ናት እማማ። ዓይኗ ደክሞ መነጽር እየጠየቀች ነው።»

ይስቃሉ። ስቀው ሲያበቁ ሁልጊዜ ያንኑ ይላሉ፦ «ሟቹ ባለቤቴ ግን እውነቱን ነበር የሚነግረኝ። ‹ከሳነቴ ማዶ አፋፉ ላይ ስትቆሚ አገር ያልቅብሻል፤ አገር አልቆ ደን ይጀምራል› ይለኝ ነበር። አሳይሻለሁ እንዳለ ሞተ።»

ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ ደምመላሽ ተዝካራቸውን አወጣ። ለድግሱ ሮቤ አጠገብ ያለችውን የአባቱን የገብስ መሬት ለባላምባራስ ተክለማርያም በወለድ አገድ አስያዘ። ወለድ አገድ ማለት፣ ለማያውቀው፣ አበዳሪው ወለድ አይጠይቅም፤ በወለዱ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ይበላል። ብሩ ሙሉውን ሲመለስለት መሬቱን ይለቃል። የእነደምመላሽ ውል እስከ ሦስተኛው አዝመራ ነበር፤ እስከዚያ ካልተከፈለ መሬቱ የባላምባራስ ሆኖ ይቀራል። «አባትህን ለገነት፣ መሬትህን ለባላምባራስ ሰጥተህ አንተ ለማን ቀረህ?» ብዬው ስንት ጊዜ አኩርፎኛል።

ደምመላሽ ግን ሦስተኛውን አዝመራ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ነፃ እወጣለሁ ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስኳር በስም ብቻ የሚታወቅ ዘመድ ሆነ። የዓመት በዓል ሥጋ ሽታው ከጎረቤት ይመጣላቸዋል፤ ነፃ ስለሆነ ደምመላሽ አይከለክለውም። ልብስ ሰፊ ሆኖ ሳለ የእናቱ ጋቢ ላይ የደራረበው እራፊ ከጋቢው በለጠ። ሳነቴን ባነሡ ቁጥር ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ «ከዕዳው በኋላ፣ እማዬ።»

ዓይናቸው ግን ውል አልፈረመም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይዘጋ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ብሩ ሞላ። ደምመላሽ በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና ጋሪዬ ላይ ወጣ። ሮቤ እስክንደርስ እንደ ሙሽራ ፈገግ እንዳለ ነው። ባላምባራስን ማሳው ዳር ከዘራቸውን ተደግፈው አገኘናቸው።

«ጌታዬ፣ ሙሉውን ይዤ መጥቻለሁ። መሬቴን ልረከብ።»

ባላምባራስ ጥቅሉን አዩ። ደምመላሽንም አዩ። ከዚያ በከዘራቸው ማሳውን አመለከቱ፤ ገብሱ ለምለም ሆኖ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል።

«ይህን ማን ዘራው?»

«እርስዎ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ከነሥሩ ነቅዬ ልውሰድልህ? ከአውድማ በፊት መሬት ሲለቀቅ የት አየህ? ልጄ፣ መርፌ ስታይ ኖረህ ሰማይ ማየት ረሳህ። ብሩን ትተህ መሄድ ትችላለህ፤ መሬቱን ግን ገብሴ ተወቅቶ ሲያልቅ በጥር ትረከባለህ።»

የገበሬ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ደምመላሽ ረስቶት ነበር። ያን ሁሉ ጾም የጾመው፣ የተዘራ ማሳ ሳይታጨድ እንደማይመለስ ዘንግቶ ነው! ደንግጦ ጥቅሉን ሊሰጣቸው እጁን ሲዘረጋ ከኋላ ኮቱን ጎተትኩት።

«በጥር ለሚሠራ ብር ከመስከረም ጀምሮ ምን ሥራ አለው? ከአንተ ጋር ይረፍ» አልኩት።

«ይሄ ጋሪ ነጂ ካንተ ይሻላል» አሉ ባላምባራስ፣ እየሳቁ።

ስንመለስ ደምመላሽ ጥቅሉን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ አንድ ውሸት እንደ ጥጃ ይራገጥ ነበር። ጎባ ከመግባታችን በፊት ለቀቅኩት።

«ሐረና ውስጥ የዱር ቡና መሬት ላይ ወድቆ የሚያነሣው አጥቷል አሉ። የአሊዪን በቅሎዎች ይዘን ብንሄድ ብርህ በጥር ወልዶ ይጠብቅህ ነበር።»

ጆሮው ቆመ። «ኬላው ላይ ቀረጡ አይበላውም?»

«እሱን ነው የምልህ። ባልቴት ያስከተለ ነጋዴ ቀረጥ አይከፍልም። አዲስ ትእዛዝ ነው። እማማን እንይዛለን።»

አመነ። ስስት ያለበት ሰው ሲያምን እንዴት ደስ ይላል! በቅሎ ነጂው አሊዪ፣ ሳነቴን ተሻግሮ ቡና ሲያመላልስ ያደገው ሰውዬ፣ ነገሩን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እሸቴ፣ ረቢ ምላስህን ይማርልህ! እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢኖር እኔ አራቱንም ባልቴት አገባ ነበር።» ቢሆንም ለእማማ ብሎ ኪራዩን አረከሰልን፤ «ለገበያ ቀን ግን እንስሶቼ ጎባ መግባት አለባቸው» አለ።

በጥቅምት ወጣን። አሊዪ ፊት ፊት፤ እማማ በቅሎ ላይ ተጠቅልለው፤ ደምመላሽ ለቡናው በእጁ የሰፋቸውን ባዶ ጆንያዎች ታቅፎ፤ እኔ ከኋላ በጋሪ ፈረሴ ላይ። ፈረሴ የመንኮራኩር ድምፅ ካልሰማ አይራመድም። ተራራውን ሙሉ በምላሴ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያልኩ ነው የወጣሁት። ይህ እውነት ነው፤ አሊዪን ጠይቁ።

የአስታው ዛፍ ጫካ አልቆ የሳነቴ ሜዳ ላይ ብቅ ስንል ምላሴ ቆመ። ፈረሴም ቆመ።

ሰማዩ ወርዶ ነበር። ሌላ ምን ልበላችሁ? እጄን ባነሣ የምነካው መሰለኝና እጄን ሰበሰብኩ። ዛፍ የለም፤ ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል ብቻ እዚህም እዚያም ብቻውን ቆሟል፤ ከሩቅ ሲያዩት የሚጠብቀው ሰው ያለው ይመስላል። ኩሬው ዳር ዳሩን በረዶ ይዟል። አንዲት ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍጥጣ ተቀምጣ ነበር፤ አንድ ጊዜ ዞራ አየችን፣ ከፍልፈል እንደማንበልጥ ገባትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም ሳልወድ ጎንበስ ብዬ ጥላዬን አየሁ። አልተጣበቀም። ግን ለምን እንዳልተጣበቀ እንጃ።

«ዝም አልክ አንተ ቀጣፊ» አሉ እማማ።

«እርስዎ ወሬ ይጀምሩ እማማ። የኔ አልቋል።»

አፋፉ ላይ የደረስነው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ከእግራችን ሥር ነጭ ብቻ ነበር። ደመናው ገደሉን ሞልቶ እስከ ከንፈሩ ቆሟል፤ ሐረና የለም፣ ዓለም የለም። እማማ ከበቅሎ ወርደው ዓይናቸውን አሹ። እንደገናም አሹ።

«ዓይኔ ነው ወይስ ደመናው?»

 አሊዪ ቀረብ አለና «ዱመሳው ነው አዴ፤ ደመናው። እኛም አላየንም» አላቸው። ወደ ደምመላሽ ዞረ። «ጠዋት ይነሣ ይሆናል፤ ላይነሣም ይችላል፤ ረቢ ነው የሚያውቀው። ቡናው ታች ነው። አሁን ከወረድን ጎህ ሲቀድ እየለቀማችሁ ነው። እዚህ ካደርን ለቡና ቀን የለንም።»

«ስንመለስ አያዩትም?» አለ ደምመላሽ።

«ስንመለስ ለገበያ ለመድረስ እዚህን የምናልፈው በጨለማ ነው።»

እማማ ሰሙ። «ውረዱ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ሥራችሁን ሥሩ። እኔ በአባትህ አፍ አይቼዋለሁ።»

ደምመላሽ ጆንያዎቹን አየ። ‹ከዕዳው በኋላ› ይላል ብዬ ጆሮዬን ልደፍን ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ከኮቱ እጥፋት ወፍራም መርፌውን አወጣ፤ ጆንያዎቹን አንዱን ካንዱ ማጋጠም ጀመረ። ለሕዝብ ሁሉ ሲሰፋ የኖረ ሰው፣ ለእናቱ አዲስ ነገር ሲሰፋ ያን ቀን አየሁት። ሲጨርስ የሁለት ሰው ብርድ ልብስ የሚያህል ነገር ሆነ። እናቱን ጠቀለለበት።

«እዚህ እናድራለን» አለ።

አሊዪ እሳት አነደደ። ብርዱን አልተርክላችሁም፤ ስለ ጥላው የነገርኳችሁን እጥፍ አድርጉት።

ጎህ ሲቀድ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የአሊዪ ሹክሹክታ ነው፦ «ተነሡ። ረቢ እያነሣው ነው።»

ደመናው ተቀደደ። መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ፤ ነጩ እየተጠቀለለ ሲሄድ ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። ደን በደን ላይ ተደርቦ፣ ሸንተረር ከሸንተረር ጀርባ እየበቀለ፣ ሰማይ እስኪያጋጥመው ሄደ። ጢስ የለም፣ ማሳ የለም፣ የሰው እጅ የለም። ከታች የሺህ ወፍ ድምፅ አንድ ላይ ሆኖ እንደ ውሃ ሿሿታ ይመጣል። አገር እዚያ አለቀ፤ ሟቹ እንዳሉት አለቀ።  ያቺን ጦጣዬን አስታወስኩና ለሷ አዘንኩ፤ ለካ ያወጣኋት ዛፍ ቁጥቋጦ ነው!

እማማ ቆመዋል። ዓይናቸው የእጅ ጣት መለየት ካቆመ ቆይቷል፤ ይህ ግን ጣት አይደለም። ጆንያው ከትከሻቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። 

«ሰውዬው አሳንሶ ነው የነገረኝ» አሉ።

ደምመላሽ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላትን የልብስ መለኪያ ሜትር፣ ደኑን ሊለካ ይመስል፣ ሳያውቀው ጫፏን ይዞ ነበር። እያየሁት ከጣቱ አመለጠች።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ኬላው ላይ ቀረጥ አልተጠየቅንም፤ ስለዚህ የባልቴቷን ነገር ውሸት ነው የሚለኝ ካለ ይምጣ።

ጎባ ስንገባ ደምመላሽ ከጥቅሉ ትንሽ ፈታ። አዲስ ጋቢ ገዛላቸው። ስኳር ገባ። ለገና ከሰፈር ቅርጫ ተካፈለ፤ ያን ቀን የሥጋ ሽታ ከነሱ ቤት ወደ ጎረቤት ሄደ። በጥር አውድማው ሲያበቃ ባላምባራስ ፊት ቆምን። ብሩ ጎድሎ ነበር፤ ወለድ አገድ ደግሞ በግማሽ አይለቀቅም።

«በመስከረም ሙሉ አልነበረም እንዴ? ምን በላው?» አሉ።

«እኛ ነን የበላነው፣ ጌታዬ። በውላችን ቀን እመጣለሁ።»

ባላምባራስ እንደገና ዘሩ። ያን ዓመት እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ዝናቡ ቢከፋ፣ ደምመላሽ ቢታመም፣ መሬቱ መቅረቱ ነበር፤ የጎተትኩት ደግሞ እኔ! እሱ ግን ይሰፋል፤ ይቆጥባል፤ እሑድ ስኳር ይገዛል። ከፋሲካ በፊት የእማማ ዓይን ጨርሶ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የሚጠሩት እኔን አይደለም። «በል ደምመላሽ፣ አፋፉ ላይ አቁመኝ» ይላሉ፤ ያ ዝምተኛ ሰው የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ይነግራቸዋል። ደጃፍ ቆሜ አዳምጠዋለሁ። የምጨምርበት አላገኘሁም።

በሦስተኛው አዝመራ፣ ገብሱ ተወቅቶ ባለቀ በማግሥቱ፣ ደምመላሽ ከፈለ። ጥቂት ሳንቲም ነው የተረፈው። እማማንም በጋሪ ይዘናቸው ነበር። መሬቱን በእግሩ ዞሮ መጣ፤ በሁለት እጃቸው ፊቱን ዳሰሱት።

«ትልቅ ናት መሬታችን?»

«ትንሽ ናት፣ እማዬ» አለና ሳቀ። «ትበቃናለች።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ቀጣፊ፣ ጦጣዋስ? ደረሰች?»

«ደርሳለች እማማ።»

«ጫፉ ላይ ሆና ምን አየች?»

አፌን ከፈትኩ። አንዳችም ውሸት አልመጣም። «ደምመላሽን ይጠይቁት» አልኩና ፈረሴን ነካሁት።