የሸጋዬ መርዶ

ብዙአለም የምትወደውን የወንጀል ልቦለድ ሰባተኛ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ያመጣችው እሑድ ዕለት ነበር። ስድስቱን ጨርሳለች። እስራኤል ገብታ በሆቴል ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርታ ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንደነዚህ መጻሕፍት ያስደሰታት ነገር የለም። ዕብራይስጣቸው ቀላል ነው፤ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ባለታሪኳ በአንዲት የወደብ ከተማ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሰዓት ጠጋኝ ናት። ፖሊስ ግራ የተጋባበትን ግድያ በሁለት ድመቶቿ እየተመራች ትደርስበታለች። ድመቶቹ ከተቀመጡበት ደጃፍ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የተደበቀ ነገር ይገኛል።

ሰኞ ዕለት ግራጫዋ የሰፈር ድመት ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ በብዙአለምና በጎረቤቷ በሸጋዬ በሮች መካከል ተቀመጠች። ብዙአለም ዓሣ ሰጠቻት፤ አልቀመሰችም። ውሃ አቀረበችላት፤ አልነካችም። ዝም ብላ ትጠብቃለች።

ብዙአለም ሳቀች። ከዚያ ግን እንደ ሰዓት ጠጋኟ ነገሮችን ልብ ማለት ጀመረች።

ማክሰኞ ጠዋት፣ በአዘቦት ቀን ከሰፈራቸው ከሮቫ ቫቭ የማይወጡት ሽማግሌው አባ ቢምረው፣ እሷ ወደምትኖርበት ሰፈር ወደ ሮቫ ቴት መጥተው ከሕንፃው ሥር ቆመው አየቻቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው መስኮቶቹን በጣታቸው ይቆጥራሉ። ጣታቸው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመ። እዚያው ዕለት ከደረጃው ሥር ነጭ የላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው፣ አንሶላ ለብሰው አገኘች። ሱቅ ስትገባ ደግሞ የአገሯ ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው ስለ ቲማቲም ማውራት ጀመሩ።

ገባት። መርዶ ነው። ሩቅ አገር የሞተ ሰው ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። እስከዚያ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ባለ ሐዘኑ ብቻ አያውቅም። የሸጋዬ እናት ጎንደር ናቸው፤ አልጋ ከያዙም ቆይተዋል።

ማታ ልጇ ሊራዝ መጣች።

“ኢማ፣ ስልክሽን ስጪኝ፣ ላሠራው። መስታወቱ ተሰንጥቋል” አለች፣ እናቷን እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ ጠርታ።

“ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመቱ። ዛሬ ነው የታየሽ?” አለች ብዙአለም እየሰጠቻት። “እስከ ዓርብ መልሽልኝ። ንጉሴ ይደውላል።”

ንጉሴ ታላቅ ወንድሟ ነው። ጎንደር ሆኖ ወደ እስራኤል የመግባት ተራውን ሲጠብቅ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ዓርብ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም።

“ወንበሮቹን አይቻለሁ” አለች ብዙአለም ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ለሸጋዬ ነው፣ አይደል?”

ሊራዝ ስልኩን በእጇ አገላበጠችው።

“ለማንም እንዳትናገሪ፣ ኢማ።”

“እኔ ነኝ የምናገር? ብቻ ሲነግሯት አጠገቧ ልሁን። ለብቻዋ እንዳትወድቅ።”

ሊራዝ ሳትቀመጥ ሄደች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብዙአለም መጽሐፏን ይዛ ድመቷን ተሻግራ ሸጋዬ ዘንድ ገባች። ሸጋዬ ወጥ ሠርታ ጠበቀቻት፤ እንደምትመጣ ያወቀች ይመስል።

“ደግሞ ድመቶችሽን ይዘሽ መጣሽ?” አለቻት። “በእኛ አገር ድመት አይጥ ትይዝ ነበር። እዚህ ነፍሰ ገዳይ ትይዛለች።”

“ቀልጂ። ብዪ ይልቅ፣ ሳይቀዘቅዝ።”

“አንቺ ብዪ።”

“እኔማ በልቻለሁ።”

“ጨምሪ እንጂ፣ እህቴ። ነገን ማን ያውቃል።”

ሳህኑን አንዷ ወደ ሌላዋ ስትገፋው ወጡ ቀዘቀዘ። ምስኪን፣ ሳታውቅ ነው የምትናገረው አለች ብዙአለም በልቧ። ከዚያ የመጽሐፏን ታሪክ ትተርክላት ጀመር። ሸጋዬ ከአፏ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል አዳመጠቻት።

“ታዲያ የሞተው ማን ሆነ?”

“ገና አልደረስኩበትም።”

“አትቸኩዪ” አለች ሸጋዬ። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። ሽንኩርቱ ነው አለች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው እግር ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ። አንድም ድምፅ የለም፤ እግር ብቻ። ብዙአለም ነጠላዋን ለብሳ ተዘጋጅታ ነበርና ቀድማ በሯን ከፈተች። አባ ቢምረው ከፊት፣ ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ከኋላቸው፣ ሊራዝም ከመካከላቸው ቆመዋል።

“በሯ ያኛው ነው” አለች ብዙአለም በሹክሹክታ፣ የሸጋዬን በር በጣቷ እያመለከተች።

ማንም ዞር ብሎ አላየም።

የሸጋዬ በር በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ሸጋዬ ሻሿን አስራ፣ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ለመጡት ሰዎች አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች፤ ከዚያ አልፋቸው መጥታ የብዙአለምን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ብዙአለም ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ሊራዝ ጋ ስትደርስ ልጅቷ አቀረቀረች።

“ስልኬን አምጪልኝ” አለቻት። “ነገ ዓርብ ነው፤ ንጉሴ ይደውላል።”

“እንግባ፣ ልጄ” አሉ አባ ቢምረው። “ገብተን እንቀመጥ።”

ሰው ቆሞ ሳለ መርዶ አይነገረውም። ብዙአለም ይህን ከሁሉም በላይ ታውቃለች። ባልተያዘው እጇ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።