ቆርቆሮ የሚበላ ዝናብ

ሐጂ ሙሄዲን መሰላሉ ላይ እንደቆሙ የጣሪያውን ቆርቆሮ በአውራ ጣታቸው ጫን ቢያደርጉት ጣታቸው በስቶት አለፈ።

«ሁለት ዓመት አልሞላውም እኮ!» አለች ዊዳድ ከታች ሆና። «ወላሂ፣ ከእርስዎ ስገዛ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ብለውኝ ነበር።»

ሐጂ ደሴ ውስጥ ከአባታቸው በወረሱት ሱቅ ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጡ አርባ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ባለፈው ሰኞ ዊዳድ ገበያተኛ ፊት «አታለሉኝ» ብላ ስትጮህባቸው እንቅልፍ አጡ። ትናንት ደሴ አጠገብ ወዳለችው ገራዶ ሄደው የእሷ ቆርቆሮ ከመጣበት ጭነት የገዛ ሰው ቤት አዩ፤ ጣሪያው ዛሬም ያብረቀርቃል። አሁን ደግሞ የእሷን ሊያዩ ኮምቦልቻ ወርደዋል።

ከመሰላሉ ላይ ዙሪያውን ቃኙ። የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ዝጎ ተቦዳድሷል። ከግንቡ ባሻገር የብረት ማቅለጫው ፋብሪካ ቢጫ ጭስ ይተፋል። ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም፤ ከደመናው ጋር ተደባልቆ ቤቶቹ ላይ ይተኛል። ጉሮሯቸውን ከነከናቸው።

«የጎረቤቶችሽስ ከማን የተገዛ ነው?»

«ከየቦታው ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ከአዲስ አበባ የመጣ ነው።»

ከቤት ውስጥ የሕፃን ሳል ተሰማ። የዊዳድ ልጅ ዚክራ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሳሉ ከያዛት ሦስት ወር አልፎታል።

ወዲያው የሐጂ ስልክ ጠራ። የፋብሪካው የግዢ ኃላፊ ነበር።

«ሐጂ፣ የሰፈሩን ቅሬታ ሰምተናል። ለነዋሪው በነጻ የምናድለው ሦስት መቶ ቆርቆሮ ከእርስዎ ልንገዛ ነው። የበፊቱ ቆርቆሮ የጥራት ጉድለት ነበረበት የሚል አጭር ደብዳቤ ብቻ ይጻፉልን።»

«አስቤበት እደውላለሁ» ብለው ዘጉ።

የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር ዊዳድ ሁሉንም ሰምታለች። «ይጻፉላቸዋ!» አለች። «ክረምቱ ሲበረታ ልጄን ይዤ የት ልግባ?»

«አዲሱንም ይበላዋል፣ ልጄ። ጥፋቱ የቆርቆሮው አይደለም፤ የሚበላው ዝናቡ ነው።» ሳሉ ወደሚሰማበት በር ዞሩ። «ቆርቆሮውስ ይቀየራል።»

ካፊያው ሲጀምር ሐጂ ከመሰላሉ ወርደው በረንዳው ላይ ተጠለሉ። ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ለከተማው አስተዳደር መጻፍ ያዙ፤ ገራዶ ያዩትን፣ እዚህ ያዩትን፣ ጭሱን። ሲጨርሱ ለዊዳድ ጮክ ብለው አነበቡላት።

«ይህ ደብዳቤ ከደረሰ ፋብሪካዎቹ ሦስት መቶውን ከእኔ አይገዙም» አሉ። «አንቺም የሚደርስሽ ቆርቆሮ ይቀርብሻል። እወቂው።»

ውስጥ ልጅቷ እንደገና ሳለች። የአሁኑ ቶሎ አልቆም አላት። ዊዳድ እስኪያበቃ ጠበቀች።

«ስሜን ይጻፉበት» አለች። ወደ በሩ ዞራም፣ «የእሷንም።»