ቢጫው ለምስል፣ ነጩ ለድምፅ

ሹፌሩ ቢሻው ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ያመጣው ዕቃ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ተጠፍሮ ነበር። ገንዳ ውሃ እንደደረሰ ሎሪውን ከሰሊጥ መጋዘኑ ፊት ለፊት አቆመና ታንጉን አስጠራት። ከባልሽ ከአገኘሁ የተላከ ነው አላት። በዓይኑ አይቶት እንደሆነ ስትጠይቀው ግን አላየውም፤ ዕቃውን የሰጠው አንድ ሱዳናዊ ነው፤ ከእሷ እጅ በቀር ሌላ ሰው ዘንድ እንዳይገባ አጥብቆ አደራ ብሎታል።

አገኘሁ የትራክተር ሹፌር ነበር። ወደ ሱዳን ትልልቅ እርሻዎች ከተሻገረ ስድስት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በሚመላለሱ ሹፌሮች እጅ ገንዘብም፣ ልብስም፣ መልእክትም ይልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። በአራቱ የዝምታ ዓመታት ከወዲያ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ ይዞ መጣ፤ አገኘሁ እዚያው አግብቷል፣ ቤት ሠርቷል የሚል። ታንጉ በመጀመሪያ አላመነችም። ኋላ አመነች። ከዚያም ማመኑን ለመደችውና ሰሊጥ እያበጠረች ልጇን ማሳደጓን ቀጠለች።

ማታ ጥቅሉን ስትፈታው ከውስጡ አንድ ጠፍጣፋ የዲቪዲ ማጫወቻና በወረቀት ኪስ የገባ ዲስክ ወጣ። ደብዳቤ የለም። የአሥራ ሁለት ዓመቷ መክሊት ማጫወቻውን እያገላበጠች አየችና ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘው ገመድ እንደሌለው ነገረቻት። ዲስኩን ቪዲዮ ቤት ወስደው እንዲያሳዩዋቸው ቢጠይቁስ አለች። ታንጉ አይሆንም አለች። ቪዲዮ ቤቱ በዚያ ሰሞን ለአጨዳ ከደጋ በወረዱ የቀን ሠራተኞች ተጨናንቋል፤ በዲስኩ ላይ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቆማ ልታውቀው አልፈለገችም። ደግሞም አገኘሁ ማጫወቻውን አብሮ የላከው ለዚሁ መሆን አለበት። ለብቻዋ እንድታየው ፈልጓል። ለብቻ የሚታይ ነገር ደግሞ ደግ ወሬ እንደማይሆን ጠረጠረች።

በማግስቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው ሽመክት ሱቅ ሄደች። ሽመክት ጠጉሩ የሸበተ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ከግድግዳው ላይ ሦስት ዓይነት ገመድ አውርዶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋላት። አንደኛው ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ በጥርስ የተሞላ ነው። ሁለተኛው ሦስት ራስ አለው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ሦስተኛውም ሦስት ራስ አለው፤ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ። ታንጉ ጥሩው የትኛው እንደሆነ ጠየቀችው።

«ጥሩ ብሎ ነገር የለም እህቴ» አላት ሽመክት። «ቴሌቪዥንሽ የሚቀበለው ነው ጥሩ። ከኋላው ምን ዓይነት ቀዳዳ አለው?»

ታንጉ አላወቀችም። ቴሌቪዥኑን አገኘሁ ከመሄዱ በፊት የገዛው ነው፤ አቧራ ስትጠርግ ከፊቱ በቀር ጀርባውን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። ሽመክት ሄዳ እንድታይ ነገራት። ቤቷ ተመልሳ ቴሌቪዥኑን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው፤ ከመክሊት ደብተር ቅጠል ቀድዳም ያየችውን ሁሉ ሳለች። የአንቴናው ቀዳዳ፣ ከሥሩ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች፣ አንዱ ዳሩ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ። ስላ ስትጨርስ እርሳሱን አስቀምጣ ቀዳዳዎቹን መልሳ አየቻቸው። እንግዲህ የባሏ ፊት የሚገባው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው።

ሽመክት ሥዕሉን አይቶ ሰፊውንና ባለ አረንጓዴውን ገመድ ወደ ግድግዳው መለሳቸው። አረንጓዴና ሰማያዊ ያለበት ምስሉ ይበልጥ የጠራ ነው፤ የእሷ ቴሌቪዥን ግን መቀበያ የለውም። ከሦስተኛው ዓይነት ቀጭንና ወፍራም አወጣላት። ቀጭኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ውስጡ እንደሚበጠስ፣ ወፍራሙን ብትወስድ እንደሚሻላት ነገራት። ቢጫው ለምስል፣ ነጩ ለድምፅ ነው፤ ቀዩ ትርፍ ስለሆነ ተንጠልጥሎ ይቅር። ምስል ካልመጣ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ኤቪ የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው።

ታንጉ ገመዱን በእጇ ጠቅልላ ልትወጣ ስትል ዞረች።

«ጋሽ ሽመክት፣ ቢጫውን ብቻ ብሰካው ያለ ድምፅ ይታያል?»

ሽመክት ቀና ብሎ አያት። በገንዳ ውሃ የአገኘሁን ወሬ ያልሰማ አልነበረም።

«ይታያል» አላት። «ሁለቱ የየራሳቸው መንገድ ነው ያላቸው። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።»

በሦስተኛው ቀን መክሊት ትምህርት ቤት ስትሄድ ታንጉ ከሥራ ቀረች። በሩን ዘጋችና ቢጫውን ብቻ ሰካች። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ ለራሷም አልነገረችም፤ ፊቱን አስቀድማ ለማየት፣ ቃሉን ደግሞ የምትችለው ሲመስላት ለመስማት ነበር።

ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አገኘሁ መጣ። ነጭ ጀላቢያ ለብሶ በገመድ አልጋ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ጢሙ ሸብቷል። አፉ ይንቀሳቀሳል። ታንጉ ወደ ቴሌቪዥኑ መስተዋት ተጠጋች። ዓይኑ ግን ወደ እሷ አይመጣም። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ታች ይሄዳል፤ አንዴም ቀና ብሎ ከራሷ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚያይ ይመስላል። አፍሮ ነው አለች በልቧ። ፊቴን ማየት አቅቶት ነው።

ቆይቶ አንዲት ሴት ገባች። የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ፣ ብርቱካንማውን ረጅም ነጠላ ተከናንባለች፤ ወጣት ናት። በብርጭቆ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቡ ጎንበስ አለች፤ እጁን ያዘችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ብርጭቆው ላይ አስቀመጠችለት። እሱም ዓይኑን ሳያነሣ ፈገግ አለ። ሴትዮዋ ወጣች።

ታንጉ ማጫወቻውን አጠፋችው።

አራት ዓመት የሰማችው ወሬ እነሆ ፊትና እጅ አውጥቶ መጣ። ያልጠበቀችው ነገር ቢኖር የሻዩ ብርጭቆ ነው። ማግባቱን ለምዳዋለች፤ እንዲህ በእጁ አስይዘው የሚያጠጡት ሰው መሆኑን ግን አልለመደችውም። እሷ በስምንት ዓመት ትዳራቸው ለአገኘሁ እንዲህ ሆና ታውቃለች? እሱስ ይህን አስቀርጾ የላከላት ምን እንድትሆን ነው? ዲስኩን አውጥታ ልትሰብረው በሁለት እጇ ያዘችው። እንዲያው ከመስበሯ በፊት ምን ብሎ እንደሚሰናበታት ሰምታ ብትሰብረው እንደሚሻል አሰበችና መልሳ ከተተችው። ነጩን ሰካች።

በመጀመሪያ የመጣው የዶሮ ጩኸት ነበር። ከዚያ የሰው ጉሮሮ ተጠረገ።

«ታንጉ፣ ካሜራው ከፊትህ ነው ብለውኛል» አለ አገኘሁ። «ወዴት እንደማይ ግን አላውቅም። ዘወር ብዬ እንደሆነ ይቅር በይኝ።»

ታንጉ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አገኘሁ ቀስ እያለ ተናገረ። ከአራት ዓመት በፊት የትራክተሩን ባትሪ ሲፈትሽ ፈንድቶበት አሲዱ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጥፍቶታል። የእርሻው ባለቤቶች የሠራበትን ደመወዝ ከመክፈል በቀር አልረዱትም። የሚኖረው ሠርግ በመቅረጽ በሚተዳደር ሰው ቤት ነው፤ አሁንም የሚቀርጸው እሱ ነው፤ ሻይ የምታመጣለት የሰውዬው ሚስት ናት፤ እግዜር ይስጣቸው። አግብቷል እየተባለ አገር ቤት እንደሚወራበትም ሰምቷል። ወሬውን ማስተባበል ይችል ነበር፤ ተወው። ተናድዳ ብትተወው ለእሷ የሚቀላት መስሎት ነበር።

«አሁን ግን አልቻልኩም» አለ። «ዕውር ሆኛለሁ ብዬ ሰው መላኩንም አልወደድኩት፤ ሲነገር ቀሎ ይሰማል። የሆንኩትን በዓይንሽ አይተሽ ቁረጪ። ተወኝ ብትዪ አልቀየምሽም።»

ድምፁ ከቆመ በኋላም ምስሉ ትንሽ ቆየ፤ መቀረጹ እንዳበቃ ስላላወቀ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ታንጉ ከመጀመሪያው እንደገና አስነሣችው። ያቺው ሴት ጎንበስ አለች፣ ያንኑ ብርጭቆ አስያዘችው። አሁን ስታየው ጣቶቹ በአየር ላይ ብርጭቆውን ይፈልጉ ነበር።

ያን ቀን ያለቀሰችው ስላዘነች ብቻ አይደለም። ተናድዳ ነበር፤ ከማግባቱ ወሬ ይልቅ በዚህ ተናደደች። አራት ዓመት ሙሉ ስትረግመው እያወቀ ዝም ብሏታል። የትኛውን ሐዘን እንደምትችል ለእሷ ቆርጦላት ነበር። መክሊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቧ አስቀምጣ ሁሉንም አሳየቻት፤ ቢጫውም ነጩም እንደተሰካ። ልጅቱ እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያ አባቷ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀች። ታንጉ አላውቅም ልትል አስባ፣ ቢሻው በሚቀጥለው ሲመለስ አለች። ወደ ገዳሪፍ ሊመለስ ለተነሣው ቢሻውም ሱዳናዊውን ፈልጎ አገኘሁን ይዞት እንዲመጣ አደራ አለችው።

ቢሻው በዘጠነኛው ቀን ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት ደወለና በመጋዘኑ ስልክ አስጠራት። ታንጉ መክሊትን ጎረቤት ትታ ለብቻዋ መተማ ዮሐንስ ወረደች። የድንበሩ ድልድይ ላይ ሰውና ጋሪ ይተላለፋል። አገኘሁ ከወዲህኛው ጫፍ፣ ቢሻው ባቆመው ሎሪ ጥላ ሥር፣ በዱላ ተደግፎ ቆሟል። ጠጋ አለችና በስሙ ጠራችው። ድምጿን ሲሰማ ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«አይተሽኝ፣ ሳልሰማሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር» አላት።

«አራት ዓመት ስረግምህ ኖርኩ» አለችው። «ቂሙን እኔ ተሸከምኩት። ለምን ነገሩን ለእኔ አልተውክልኝም?»

አገኘሁ ይቅር በይኝ ለማለት ጀምሮ ተወው። እሷም አሁኑኑ ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፤ ገና አልሆነላትም ነበር። ጎንበስ ብላ ዱላውን አነሣችና አስያዘችው። ቢሻው የአገኘሁን ሻንጣ ወደ ገንዳ ውሃ ወደሚሄደው ሚኒባስ ሊወስድ ቀደመ። ሁለቱ ሲቀሩ አገኘሁ እንደማፈር ብሎ መክሊት ምን ያህል እንዳደገች ጠየቃት።

ታንጉ ግራ እጁን ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችው፤ ከጆሮዋ ዝቅ አድርጋ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችው።

«እዚህ ድረስ» አለችው።

እጁን ቶሎ አላነሣም።