አባቷ የደበቋት መዥገር

ቀኑን ሙሉ ስለ መዥገር ስታወራ ትውላለች። የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ናት፤ ውሻ ይዞ ለመጣ ሁሉ «ጆሮውን ገልጠው ይዩ፣ በጣቶቹም መሃል ይዩ፤ መድኃኒቱን በየወሩ ጀርባው ላይ ያንጠባጥቡለት» ስትል አስራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከሥራ ስትመለስ ግን የአባቷን ውሻ ዞር ብላ የምታይበት አቅም አልነበራትም። ባልደረባዋ የወሊድ ፈቃድ ከወጣች ወዲህ የሁለት ሰው ሥራ ጫንቃዋ ላይ ወድቋል። ለውሻው ያመጣችው መድኃኒት ነገ ዛሬ ስትል ሦስት ወር ሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ከረመ።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ውሻውን «ሻምበል» ይሉታል፤ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወንበር ስለሚይዝ። ሁለቱ ከቤቱ ጀርባ ባለው ረጅም ሣር ውስጥ ሲንሸራሸሩ ይቆዩና፣ ተመልሰው አንድ አልጋ ላይ ጋደም ይላሉ።

አንድ ሰኞ አባቷን ራስ ምታት ያዛቸው። ማክሰኞ ብርድ ብርድ አላቸው። ጉንፋን ነው ብላ ማስታገሻ ሰጥታቸው ሄደች። ረቡዕ ስትመለስ ሰውነታቸው እንደ እሳት ይፋጃል፤ ሻምበልም አልጋው ሥር ተዘርግቶ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

በላብ የራሰ ሸሚዛቸውን ልትቀይርላቸው ክንዳቸውን ስታነሳ፣ ብብታቸው አጠገብ ጥቁር ቅርፊት የያዘ ቁስል አየች። ዙሪያው ቀልቷል።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም። መዥገር ነገር ነው። ላምባ ጠብ አድርጌበት መንጭቄ ጣልኩት፤ ሳምንት አልፎታል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ምን ብዬ? ገና ከበር ስትገቢ ዓይንሽ ይከደናል። ስንቱን ላሸክምሽ ልጄ?»

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ የገዛ ምክሯ ትዝ አላት። ላምባ እንደማይበጅ፣ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዞ በዝግታ ቀጥ አድርጎ መሳብ እንደሚሻል ለስንቱ ባዳ ነግራለች። ለአባቷ አንድ ቀን አልነገረችም።

ታክሲ ጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ወጣቱ ሐኪም የደሙን ውጤት አየና «ወባ የለባቸውም። ጠንከር ያለ ጉንፋን ነው፤ ይረፉ» ብሎ የማስታገሻ ማዘዣ ጻፈና የሚቀጥለውን ካርድ አነሳ። እሷ ግን ከወንበሯ አልተነቃነቀችም።

«ዶክተር፣ እባክህ ብብታቸውን እይልኝ። መዥገር ነክሷቸዋል። ውሻውም ታሟል።»

ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰ። እሱም ከጠዋት ጀምሮ እህል የቀመሰ አይመስልም። ቢሆንም ጓንቱን አጥልቆ ጎንበስ አለ፤ ቁስሉን አይቶ ሽፍታ እንዳለ ለማወቅ ደረታቸውንና እግራቸውን ፈተሸ።

«አባቴ፣ ይህን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ለልጄ ያልነገርኩትን ላንተ ልንገር?» አሉ አባቷ።

ሐኪሙ ሳይወድ ሳቀ። የጻፈውን ማዘዣ ቀድዶ ሌላ ጻፈ። «መዥገር የሚያስተላልፈው ትኩሳት ይመስላል። ይሄን መድኃኒት ከአሁኑ ይጀምሩ፤ ሌላ ምርመራ አንጠብቅም። በሁለት ሦስት ቀን ትኩሳቱ ካልበረደ ይምጡ።»

ሐሙስ ዕለት ለአለቃዋ ለእንስሳት ሐኪሙ ደውላ አልመጣም አለች። ጓንት አድርጋ፣ ወረንጦና አልኮል ያለበት ብልቃጥ ይዛ ሻምበል አጠገብ ተቀመጠች። ከአንድ ጆሮው ብቻ ዘጠኝ አወጣች። አለቃዋ በምሳ ሰዓት መጥቶ ደም ወሰደለት፤ መርፌ ወጋው፤ ያ ቦርሳዋ ውስጥ የከረመው መድኃኒትም ዛሬውኑ እንዲደረግለት ፈቀደ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው» አለች ለራሷ።

«ውሻው ምን አደረገ?» አሉ አባቷ ከአልጋቸው። «የምትጮኺው አንቺ!»

ቅዳሜ ትኩሳቱ በረደ። ጉልበታቸው ግን ቶሎ አልተመለሰም፤ ወር ሙሉ ከበሩ አልፈው መሄድ አቃታቸው። ሣሩ ታጨደ፣ ሻምበልም ከአልጋ ወርዶ ወለሉ ላይ ተነጠፈለት፤ ለዚህም ሦስት ቀን አኮረፈ።

አንድ እሁድ አባቷ መነጽራቸውን አድርገው «በይ አሳዪኝ፤ ከዛሬ ወዲያ የእሱ ፍተሻ የኔ ሥራ ነው» አሏት። የራሳቸውን ብብትና የጉልበታቸውን እጥፋትም ጭምር እንዴት እንደሚያዩ አሳየቻቸው።

«ካገኙ ግን ይንገሩኝ አባባ። ተኝቼም ቢሆን ይቀስቅሱኝ።»

«እቀሰቅስሻለሁ።»

ባልደረባዋ ሥራ ለመመለስ ገና ሳምንታት ይቀሯታል። እሷ በማግስቱ ማለዳ ጋውኗን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።