የእትዬ ጥሩወርቅ ማኅተም

ሲኖዶሱ ቄስ ኒቆዲሞስን ወደ ጭሮ ሊያዛውራቸው መወሰኑን በሰማን ዕለት፣ እትዬ ጥሩወርቅ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጸሎት አልነበረም። ማኅተሙን ደበቁ።

እትዬ ጥሩወርቅ በሸዋ በር አካባቢ ያለችው የእኛ የሉተራን ማኅበረ ምእመናን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማኅተሙ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። በእኛ አሠራር የሲኖዶስ ደብዳቤ ሥራ ላይ የሚውለው ማኅበረ ምእመናኑ በቅጂው ላይ «ደርሶናል» ብሎ ማኅተም ሲመታበት ነው። ማኅተም ካልተመታ ደብዳቤው አልደረሰም፤ ካልደረሰ ደግሞ ቄሱ የትም አይሄዱም። ሉተር ይህን ዘዴ ቢያውቅ ኖሮ ተቃውሞውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለመቸንከር መዶሻና ምስማር ፍለጋ ባልደከመ ነበር።

የሲኖዶሱ መልእክተኛ አቶ ተክለጻድቅ ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለቱንም ጊዜ ደብዳቤያቸውን እንደያዙ ተመለሱ። በሦስተኛው ግን እሑድ ቀን፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን አዳራሹ ውስጥ ያዙን።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ማኅበረ ምእመናን ከሲኖዶስ ሥልጣን በታች ነው። አንቀጽ ዐሥራ አራት።»

እትዬ ስልካቸውን አወጡ። ማንም ሰው ንግግር ሲጀምር ዐሥራ አምስት ደቂቃ መሙላት ልማዳቸው ነው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ስልኩ እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ቄስ ኒቆዲሞስ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ስብከት በራሳቸው «አሜን» አልጨረሱም። የሚጨርስላቸው ዶሮው ነበር።

«አንቀጹማ ይከበራል» አሉ እትዬ። «ግን ማኅተሙ ጠፋ። ምን ላድርግ፣ በጥርሴ ልምታልዎት?»

አዳራሹ ሳቀ። እትዬም ሳቁ ሲበረታ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ለመሆኑ ቄሳችን ምን አጠፉ? የምንወደውን ሰው እንደ ወንበር ከዚህ አንስታችሁ እዚያ ልታስቀምጡብን ነው?»

«እኛ አላነሣናቸውም» አሉ አቶ ተክለጻድቅ፤ ከፋይላቸውም ሌላ ወረቀት አወጡ። «ዝውውሩን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ያውም በእናንተው ማኅተም።»

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ማኅተሙ ተዘቅዝቋል። እትዬ ማኅተም ዘቅዝቀው እንደሚመቱ የማያውቅ የለም። ቄሱ ወረቀቱን ከሌሎች ስምንት ወረቀቶች ጋር ነበር ያቀረቡላቸው፤ እሳቸው ደግሞ መምታት እንጂ ማንበብ አይወዱም።

«ሳላነብ የመታሁት አይቆጠርም!» አሉ እትዬ።

«እማዬ!» ልጃቸው ብሌን ከኋላ ብድግ አለች። ያገባችው ባለፈው ጥር ነው። «የጋብቻ ወረቀቴንስ ስትመቺው አንብበሽው ነበር?»

የብሌን ባል በተስፋ ቀና ሲል አየነው።

ያን ጊዜ እትዬ ወደ ቄሱ ዞሩ። ድምፃቸው ወረደ። «ምን አደረግንዎት?»

ቄስ ኒቆዲሞስ ጫማቸውን ተመለከቱ። «ዶሮው ነው፣ እትዬ። በሕልሜም ይመጣል። ትንሿ ልጄ እንኳ ምሳ ላይ ጸሎት ሳስረዝም እየጮኸች ታስቆመኛለች።»

የሳቀ አልነበረም። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ማኅተሙ ጊደር መጋላ ገበያ ነው» አሉ። «ሙሜ ጋ።»

ሙሜ የቅመም ነጋዴና የእትዬ የልጅነት ጎረቤት ነው። ግማሹ ማኅበረ ምእመናን ተከትሎ ገበያው ድረስ ወረደ። ሙሜ ገና ከሩቅ ሲያየን እጁን ማወዛወዝ ጀመረ።

«አልሰጥም! ወላሂ አልሰጥም!»

«ሙሜ፣ ሐሳቤን ቀየርኩ።»

«እንደምትቀይሪም ነግረሽኛል! ‹ባለቅስም እንዳትሰጠኝ፤ ቄሱ ራሳቸው መጥተው በአፋቸው ካልጠየቁ በቀር› አላልሽም? አማና ነው፣ አደራ ነው፣ ጥሩወርቅ። እኔ በስተርጅና አማና በላ አልባልም።»

እትዬ ይህን ያሉት ቄሱ መቼም አይጠይቁም ብለው ነበር። አሁን ሁላችንም ወደ ቄሱ ዞርን። ዝም ቢሉ ኖሮ ይበቃን ነበር፤ ሲኖዶሱ ከነአንቀጹ አንድ ሙሜን ማለፍ አይችልም።

ቄሱ እትዬን አዩ። እትዬም ዐይናቸውን አልሰበሩም።

«ይስጡኝ፣ ጋሽ ሙሜ» አሉ ቄሱ፤ ቀስ ብለው፣ ግን ሁላችንም በሰማነው ድምፅ።

ሙሜ እጁን የአብሽ ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኑ ከትቶ ማኅተሙን አወጣ፤ በሽርጡም ጠረገው። አቶ ተክለጻድቅ ደብዳቤውን ሚዛኑ አጠገብ ዘረጉ።

«ቆይ» አሉ እትዬ፤ መነጽራቸውንም አደረጉ። «ይሄንንስ አንብቤ ነው።»

«እንግዲያው ስልክዎን ያውሱኝ» አሉ ቄሱ፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሞሉበት።

እትዬ ከቁጥሩና ከቀኑ ጀምረው ጮክ ብለው አነበቡ። እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ተዛውረዋል» የሚለው ላይ ሲደርሱማ አራት ጊዜ ደገሙት። ገዢዎች ቅመማቸውን ትተው ከበቡን። «ግልባጭ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ዶሮው ጮኸ።

እትዬ ቀና አሉ። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«በርበሬው ነው» አለ ሙሜ ለሰዉ።

ቄሱ ዶሮውን አጠፉት። «ይቀጥሉ፣ እትዬ» አሉ። «እኔ አላቋርጥዎትም።»

ግልባጭ የተደረገላቸውን መሥሪያ ቤቶች በሙሉ አንብበው ጨረሱ። ከዚያም ማኅተሙን አነሡና መቱ፤ እንደ ልማዳቸው ዘቅዝቀው።