ሦስቱ ራሰ በራ ተራሮች

መምህር ማሩ በዕድሜው ከተናገራቸው ቃላት ሁሉ መልሶ ሊውጠው የሚመኘው አንድ ብቻ ነበር፤ «ከሰላ ነው» ያለውን። ያን ዕለት ጠንቅቆ የተረዳው መስሎት የፈረደበትን ነገር ከቶ እንዳልተረዳው ሲገባው፣ «ተሳስቻለሁ» ሊለው የሚገባው ሰው ከድምፅ ርቆ ሄዷል።

ነገሩ የተጀመረው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የሰሊጡ አጨዳ ተጠናቆ የቀን ሠራተኛው ኪሱ በሞቀበት ሰሞን ነው። ማሩ ከሚያስተምርበት ከመተማ ዮሐንስ ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ላይ፣ ሽኩር የሚባል ሱዳናዊ ሻይ ቤት ነበረው። ወንድሙ ከጅዳ ሲመለስ ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ማጫወቻና ስድስት ካሴት ይዞለት መጣ። ሽኩርም ከጓሮ ጀነሬተሩን እያስነሣ ሻይ ለጠጣ ሁሉ ያሳይ ጀመር። በስድስቱም ካሴት ላይ ያለው አንድ ተከታታይ ታሪክ ነው፤ ተዋናይ የሚሠራው ሳይሆን በእጅ የተሣለ፣ ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ፣ ንግግሩም በዐረብኛ። አንዲት ልጅ ከሦስት ራሰ በራ ተራሮች ግርጌ፣ መካከሉ ከተሰበረ ቀይ ድልድይ አጠገብ፣ በጀልባ ሰው ታሻግራለች። ዋጋ አትቀበልም፤ የምትሻው ተሻጋሪው ከየት እንደመጣ እንዲነግራት ብቻ ነው።

ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት አጫጆች ልጅቱን መጀመሪያ ያዩ ዕለት ተደናገጡ። የፊቷን እኩሌታ የያዘው ዓይኗ፣ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጣራ ላይ ከተሣሉት መላእክት ዓይን ጋር አንድ ሆነባቸው። እንዲያውም ከመካከላቸው አንዱ ቆቡን አውልቆ ሲያማትብ፣ ሽኩር ሻዩን እስኪያፈስ ሣቀ።

«ያ ጀማዓ፣ ካርቱን እኮ ናት! ማን ተሳለሙ አላችሁ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ» አለው አጫጁ፤ «ዓይኗ የእኛ ነው፤ አፏ ብቻ ነው የእናንተ።»

ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ። ከሱዳን ሌላ ዐረብኛ የሚነገርበት አገር በዓይናቸው አይተው አያውቁምና፣ የልጅቱ አገር ከገዳሪፍ ወዲያ ያለ አንድ የክርስቲያን አገር ነው ተባለ።

ይህን አምነው ከተቀበሉት አንዱ የማሩ ታናሽ ወንድም አዱኛ ነው። ዕድሜው ሃያ ሲሆን በመንግሥት እርሻ ትራክተር ይነዳ ነበር። ገበያ በዋለ ቁጥር ይሻገራል፤ ስድስቱን ካሴት አሥር ጊዜ ሳያያቸው አልቀረም። ከዕለታት አንድ ቀን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በከሰልና በቀይ ቀለም የሣለውን ይዞ ወንድሙ ዘንድ ገባ። ሦስት ክብ ተራሮች፣ የተሰበረ ድልድይ፣ አንዲት ጀልባ።

«ጋሼ፣ ይኸ አገር የት ነው?»

ማሩ ከሚያነበው መጽሐፍ ቀና ሳይል በዓይኑ ጥግ ተመለከተው። እሱ ሽኩር ቤት አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሕፃን ማባበያ ነው እንጂ ለአዋቂ ቁም ነገር አለው ብሎ አያስብም ነበር። ዳሩ ግን «አላውቅም» ማለት ከአፉ የማይወጣለት ሰው ነው። ከትምህርት ቤቱ በተዋሰው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ ከሜዳ ላይ ድንገት የተነሡ መላጣ ተራሮች ፎቶግራፍ አይቶ ነበርና፣ ከግርጌው የተጻፈው የሱዳን ከተማ ስም ትዝ አለው።

«ከሰላ ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ተራራ እንደ ሽፍታ ስሙን አይለዋውጥም፣ አዱኛ።»

«ድልድዩስ?»

«ተራራው ካለ ድልድዩ ወዴት ይሄዳል!»

አዱኛ ወረቀቱን አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተው።

ሦስት ወር ሳይሞላ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ቀበሌው በለጠፈው ዝርዝር ላይ የአዱኛ ስም አራተኛ ነበር። በተከታዩ የገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ እንደ ወትሮው ከገበያተኛው ጋር ተሻገረ፤ አልተመለሰም። በማግስቱ መልእክቱን ያደረሰው ሽኩር ነው።

«ያ ኡስታዝ፣ ወንድምህ ‹ተራራውን ላየው ሄጃለሁ በለው፤ ድልድዩንም ጨምሬ› ብሏል።»

እናታቸው ወይዘሮ ባየሽ አላለቀሱም። ጦር ሜዳ ከሚሄድ ተራራ ሊያይ ቢሄድ ይሻለኛል አሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን ራት በቀረበ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ሆነ፤ «የልጄ አገር ምን ይመስላል?» ማሩም መጽሐፉን ገልጦ ስለ ከሰላ ያነብላቸዋል፤ የፍራፍሬውን እርሻ፣ የወንዙን ሙላት። መጽሐፉ ሲያልቅበት ከራሱ ይጨምራል። ሲጨምር ሲጨምር፣ የጨመረውን እሱም አመነው።

አንድ ዓመት አለፈ፤ ደብዳቤ የለም። ሁለተኛውም ሊያልቅ ተቃረበ። በየካቲት ማሩ ተሻግሮ ወንድሙን እንዲፈልግ ፈቃድ ለማግኘት የቀበሌውን ሊቀ መንበር ቸሩን ደጅ ጠና። አብሮ አደጉ ነው።

«አምስት ቀን» አለው ቸሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሸሕዲ ከተማ ሐኪም ቤት ታሞ ተኝቷል እላለሁ። በስድስተኛው ቀን ግን ስምህን ከከዱት ዝርዝር፣ ከወንድምህ ሥር እጽፈዋለሁ። እኔ ካልጻፍሁህ እኔን የሚጽፍ አለ። ያን ጊዜ እናትህን ማን እንደሚጦር አንተው አስብ።»

ማሩ በሰሊጥ ጭነት ላይ ተቀምጦ ገዳሪፍ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ከሰላ ሲደርስ ሦስተኛው ቀን ጠብቶ ነበር። ተራሮቹን ከሩቅ ሲያያቸው ልቡ ዘለለ። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ ያለ እግር፣ ያለ ትከሻ ከሜዳው የበቀሉ፣ ሣር እንኳ ያልደፈራቸው ግዙፍ ራሶች ናቸው። ነገር ግን ሦስት አልነበሩም። ከመናኸሪያው ሆኖ ቢቆጥራቸው አምስት፣ ከገበያው በኩል ቢቆጥራቸው ሰባት ሆኑበት። ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነበር፤ ግመሎች በመካከሉ እየተጎተቱ ያቋርጣሉ፤ ጀልባ የሚያሻው ፍጡር የለም። በገበያ ዐረብኛው ስለ ቀይ ድልድይ የጠየቀው ጋሪ ነጂም ከት ብሎ ሣቀበት።

«አንተም እንደዚያ ሐበሻ ድልድይ ጠፋብህ? ሂድ፣ ኩብራን ጠይቅ።»

ኩብራ ከተራራው ሥር ካለው ምንጭ አጠገብ ሻይ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ መተማ ተወልደው ያደጉ በመሆናቸው አማርኛቸው የአገር ቤት ነው።

«የአዱኛ ወንድም ነህ» አሉት፣ ገና ሳይቀመጥ። «አፍንጫችሁ አንድ ነው። መስኪን!»

«የት አለ፣ እመይቴ?»

«መጀመሪያ ቁጭ በል። አንድ ክረምት ሙሉ ውኃ እየቀዳልኝ ከእኔ ዘንድ ነበር። ወንዙ ሲሞላማ እንዴት ያለ ደስታ! ጠዋት ጠዋት ሦስት ሆነው የሚታዩበትን ቦታ እፈልጋለሁ እያለ ተራራውን ይዞረዋል። አንጀቴ አልችል አለ፣ ወላሂ። ያቺን ዓይነ ትልቋን ልጅ የልጅ ልጆቼ በቴሌቪዥን ያውቋታል። አገሯ የት ነው ብዬ አስተማሪያቸውን አስጠየቅሁለት።»

«የት ነው አሉ?»

«ጃፓን። ይኸን ሁሉ መኪና የሚሠሩት ሰዎች ናቸው የሣሏት። ተራራውም፣ ወንዙም፣ ድልድዩም በአገራቸው አለ አሉ፤ እሱን አይተው ነው የሣሉት። ዐረቦቹ ያዋሷት አፍ ብቻ ነው።»

ማሩ ብርጭቆውን መሬት ላይ አኖረው። «ይኸን ነገሩት?»

«ነገርሁት እንጂ! ተስፋውን ቆርጦ ወደ እናቱ ይመለሳል ብዬ። እሱ ግን ሠርግ የተጠራ መሰለ። ‹ስሙን ካወቅሁ ምን ቀረኝ፤ ስንት ቀን ያስኬዳል?› አይለኝም? በእግር አይደረስም፣ መርከብ ነው፣ መርከብ ያለውም ፖርት ሱዳን ነው አልሁት። ለጨዋታ ነበር ያልሁት፣ ልጄ። በማግስቱ በጭነት መኪና ሄደ።»

«መቼ?»

«ካለፈው ረመዳን በፊት።» ከሣጥናቸው ውስጥ የታጠፈ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አወጡ። «ይኸን ተወልኝ። ‹ራሱን ላየው አይደል፤ ሥዕሉ ምን ያደርግልኛል› ብሎ።»

ማሩ ወረቀቱን ይዞ ወደ መናኸሪያው ወረደ። ፖርት ሱዳን የሚሄደው መኪና ሰው እየጫነ ነበር፤ ተሳፋሪ ጠሪው በአጠገቡ እየተመላለሰ ይጮኻል። እሱ ወንድሙን የሸኘው በስሕተት፣ አሮጊቷ በእውነት፤ ስሕተቱም እውነቱም ያን ልጅ እያቀባበሉ አራቁት። አሁን ቢሳፈር ምን ብሎ ይጠይቃል? ከወደቡ ወዲያ ስላለው ባሕርስ ማንን ይጠይቃል? ቸሩ ከሰጠው አምስት ቀን ሁለት ቀርቶታል። መኪናው ሞልቶ፣ አቧራውን አንሥቶ ሄደ፤ ማሩ አቧራው እስኪረግፍ ድረስ በቆመበት ቆየ። ከዚያ እግሩ ራሱ ወደ ገዳሪፉ አውቶቡስ ወሰደው።

ቤቱ በአምስተኛው ቀን ማምሻ ላይ ደረሰ። ወይዘሮ ባየሽ ከደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

«አየኸው?»

«እዚያ የለም፣ እምዬ። አገሩም እዚያ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትሁ።» ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘረጋላቸው። «ባሕር ማዶ ነው፤ ስሙ ጃፓን ይባላል። ወደዚያ ብሎ ወጥቷል። ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም።»

እናቱ ሥዕሉን በጣታቸው ዳበሱት፤ ተራሮቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ ድልድዩን፣ ከዚያ ጀልባዋን።

«ስታነብልኝ የኖርኸው ታዲያ የማን አገር ነው?»

ማሩ ከጎናቸው ቁጭ ብሎ የወረቀቱን ጥግ ያዘላቸው።

«ይኸንንስ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«ሽኩር ቤት የሚታየው ይኸው አይደለም እንዴ?»

«እሱው ነው።»

«እንግዲያስ ልጄ የት ለመድረስ እንደ ወጣ እኔም ልየው» አሉ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማሩ እናቱን ደግፎ ወደ ገላባት ተሻገረ፤ ከፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጧቸው ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ስድስቱንም ካሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዩ።